ዓሣዋ ጠቅ እስክትል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ላም የለችበትም። «የሞተር ሰንሰለት» በሉኝ።

ተረት ተረት!

የሞተር ሰንሰለት!

ጎሽ። ቶሎ ቶሎ ስለማወራ ቶሎ ቶሎ ስሙኝ። ይህን ነገር ሳወራ እኔ ራሴ መቀመጥ አልችልም። ያን ቀን በከተማችን የተቀመጠ ሰው አልነበረማ፤ ከአያ ደርበው በቀር። እሳቸውን ደግሞ ምን ያስነሳቸዋል?

አስፋልት ዳር ባለችው ከተማችን ሲስተር ትርሲት የምትባል ክትባት ሰጪ ነበረች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ቆማ እንኳ እግሯ ይራመዳል። አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል አላት። በወር አንድ ሐሙስ የበረዶ ሳጥኗን ሞተሩ ላይ ታስርና ዳገቱን ወጥታ ቆቅ ውሃ የምትባለው ቀበሌ ትሄዳለች። የቆቅ ውሃ እናቶችም በእህል መጋዘኑ ጥላ ሥር ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቋታል።

ባለፈው ወር ግን መንገድ ላይ ካቴናው ተበጠሰ። ካቴና የምንለው የሞተሩን ሰንሰለት ነው። ፖሊስ እጅ ላይ የሚያስገባውንም ካቴና ነው የምንለው። ለሁለቱ ሁለት ስም ብናወጣ ምን ነበረበት? አላወጣንም፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ። ካቴናው ሲበጠስ ሲስተር ትርሲት ሞተሯን ዳገቱ ግርጌ ጥላ፣ ሳጥኑን አንግታ በእግሯ ወጣች። አራት ሰዓት ሙሉ ወጣች። ስትደርስ ከመጋዘኑ ሥር ማንም የለም። የሳጥኑ ክዳን ስንጥቅ ነውና በረዶውም ውሃ ሆኗል፣ ክትባቱም ተበላሽቷል። አንድ ሽማግሌ ብቻ አገኘችና «እናቶቹስ?» ብትላቸው፣ «የዚህች ሴት ቃል ውሃ ነው ብለው ሄዱ» አሏት። ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከቆቅ ውሃ ማዶ ኩፍኝ ገብቶ ሁለት ሕፃናት ወስዷል።

አሁን ሌላ ሐሙስ ነው። ቆቅ ውሃ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ይጠብቃሉ። ይምጡ አይምጡ እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም፤ መጥተዋል የሚል ወሬ ሲደርሳት ደስ ያላት ደስታና የፈራችው ፍርሃት እኩል ነበር። ዛሬ ከቀረች ሁለተኛ ማንም አይጠብቃትም፤ ኩፍኙ ግን ማንንም አይጠብቅም። አዲሱ ካቴና ትናንት በአውቶቡስ ተልኮላት መጥቷል። መካኒኩ አሸብር ግን ሚዜ ሆኖ ሠርግ ሄዷል፣ ጋራዡንም ቆልፎታል። ሌላ ሞተር ያለው የግብርናው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው። ባጃጅ ያንን ዳገት አይወጣም። እንግዲህ ሲስተር ትርሲት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቴና ልትገጥም፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ ግቢዋ ውስጥ ጆንያ አንጥፋ ተንበረከከች።

«የሕፃን ክንድ የሚያገኝ እጅ ይህ ያቅተዋል?» አለች ለራሷ።

አላቃተውም። የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈታች። ጎማውን ወደፊት ገፋች። አዲሱን ካቴና በፊተኛው ጥርስ ላይ አሾለከች፣ ጎተተች፣ በኋለኛው ጥርስ ላይ ጠመጠመች። ሁለቱ ጫፎች ተገናኙ። ማያያዣዋን አስገባች። የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ ማያያዣዋን የምትቆልፍ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ እንደ ዓሣ የተቆረጠች ብረት። አሸብር «ዓሣዋ» ነው የሚላት። ዓሣዋ ቦታዋ ስትገባ ጠቅ ትላለች። ጠቅ ካለች ካቴናው ተዘጋ።

ያን ጧት ሲስተር ትርሲት ከዓለም ሁሉ የፈለገችው ይቺን አንዲት ጠቅ ነው።

በአውራ ጣቷ ገፋቻት፤ አላለችም። በካቻቢቴ ጫነቻት፤ አላለችም። በማንኪያ እጀታ መታቻት፤ ጭራሽ ተፈናጥራ ጠፋች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ሲስተር ትርሲት ግቢውን በአራት እግሯ ዳሰሰች፣ ዶሮዎቹን አባረረች፣ የበሩን ደፍ አበጠረች፤ በመጨረሻ ከገዛ ጫማዋ ውስጥ አገኘቻት። ትርፍ ዓሣ የላትም። በመሀረብ ጫፍ ቋጠረቻትና ለአሸብር ደወለች። ከወዲያ በኩል ከበሮና እልልታ ነው።

«አሸብር፣ ዓሣዋ አልገባም አለችኝ!»

«በፒንሳ ነው!» ጮኸ አሸብር። «በፒንሳ ጫን አድርጊያት! ደግሞ ጭንቅላቷ ካቴናው ወደሚዞርበት ይሁን፤ ዓሣ ወደ ኋላ ሲዋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ፒንሳህ የታለ?»

«እትዬ የሺመቤት ጋ ትቼዋለሁ! ሙሽራዋ ወጣች፣ ቻው!»

እንግዲህ፦ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል።

ሲስተር ትርሲት የበረዶ ሳጥኗን አነገተች፤ ለማንም አደራ አትሰጠውም። የተበጠሰውን አሮጌ ካቴናም ያዘች፤ ዓሣዋ የት እንደምትገባ ለሰው ለማሳየት። ግራሶ የጠጣ፣ ጥቁር፣ ተልባ እግር ሥር እንደሚያሟልጭ የሚያሟልጭ ካቴና ነው። እየሄደች በግራ አንጓዋ ትጠመጥመዋለች፣ ትፈታዋለች፣ በቀኟ ትጠመጥመዋለች። እጇ ሥራ ካልያዘ አያርፍም።

እትዬ የሺመቤት ሻይ ቤቷ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፒንሳው ከኋላዋ ነው። ቧንቧው ተሰንጥቆ፣ ፒንሳው ስንጥቁን ነክሶ፣ መንጋጋው እንዳይከፈት በሽቦ ታስሮ፣ እንደ ውሻ ጥርሱን ገጥሞ ይዟል።

«እትዬ፣ ፒንሳውን!» አለች ሲስተር ትርሲት። «ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል!»

«ውሰጂው የኔ እመቤት፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ግን ይኸ ሲለቅ ውሃው ግድግዳዬን ይዞት ይሄዳል። የጭቃ ግድግዳ ነው። ሰኞ ዕለት ለቅቆት የሆነውን ጎረቤቱ ይንገርሽ፤ ስኳሩ ሁሉ ሽሮፕ ሆነ። ባይሆን ሰፋ ያለ የጎማ ጠፍር አምጪልኝና ቧንቧውን ጥርቅም አድርጌ ልሰረው። አያ ደርበው ጋ ጎማ ሞልቷል።»

ሄደች። ሮጠች ማለት ይቀለኛል። ቧንቧው አያርፍም፤ ፒንሳው አይለቅም፤ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል።

አያ ደርበው በረባሶ ሰሪ ናቸው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጫማ ይቆርጣሉ፤ የእሳቸው በረባሶ ባለቤቱን ቀብሮ ይመለሳል ይባላል። በጎማ ክምር መሀል ተቀምጠዋል።

«ሲስተር፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም አያ ደርበው፣ ቸኩያለሁ።»

«የቆመ ሰው ሳናግር አንገቴን ያመኛል።»

ተቀመጠች። ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች። ሳጥኗን ከፍታ በረዶውን ነካች፤ ከአራቱ የበረዶ ላስቲኮች አንዱ ቀልጦ ጭልቅ ጭልቅ ይላል። ካቴናውን ከግራ አንጓዋ ፈታ ወደ ቀኝ አዞረችውና ተናገረች።

«አያ ደርበው፣ ጎማ ይቁረጡልኝ። ቧንቧው አያርፍም፤ ፒንሳው አይለቅም፤ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል!»

አያ ደርበው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ብሆን እዚያው እሞት ነበር።

«ጎማስ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ይኸው እንደምታዪው ነው። የሚቆርጠው ቢላ ግን ሥጋ ሻጩ መንበሩ ጋ ነው። ትናንት ‹አጥንት ልለይበት› ብሎ ወሰደው።»

«ሌላ ቢላ የለዎትም?»

«የወጥ ቤት ቢላ አለኝ። የወጥ ቤት ቢላ ጎማ ላይ ይስቃል እንጂ አይቆርጥም። ቁጭ በይና የዚያን ቢላ ታሪክ ላጫውትሽ፤ አባቴ ነው ያ—»

ታሪኩን ለጎማዎቹ ነገሩ። ሲስተር ትርሲት ሄዳለች። ጎማው አይቆረጥም፤ ቧንቧው አያርፍም፤ ፒንሳው አይለቅም፤ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል።

መንበሩ ሥጋ ቤት በር ላይ ደረሰች። መንበሩ ውጭ ነው። ከበሩ እስከ ቦዩ ይሄዳል፣ ከቦዩ እስከ በሩ ይመለሳል። በሩ ላይ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«መንበሩ፣ የአያ ደርበውን ቢላ ስጠኝ!»

«እሱማ ውስጥ ነው።»

«ግባና አምጣልኛ!»

«በምን ልግባ? እኔ ራሴ ከጧት ጀምሮ ውጭ ነኝ። ሥጋው ውስጥ፣ ሚዛኑ ውስጥ፣ ቢላው ውስጥ፣ እኔ ውጭ!»

ሲስተር ትርሲት እግሯን መሬት መታች። ካቴናውን ፊቱ ላይ አንቀጨቀጨች። «መንበሩ ሙት፣ በሩ ካልተከፈተ ቢላው አይወጣም፤ ጎማው አይቆረጥም፤ ቧንቧው አያርፍም፤ ፒንሳው አይለቅም፤ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ካቴናው አይዘጋም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ቆቅ ውሃም ይጠብቃል! ቁልፉ የታለ?»

«እማዬ መቀነት ላይ።»

ይህን የሰማ የከተማችን ሰው ሁሉ ተስፋ ይቆርጣል። የመንበሩ እናት እማማ ዝናሽ መቀነታቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ነገር ከእሳቸው በቀር የሚፈታ አልተወለደም። ሳንቲም ይሁን፣ እምነት ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን፤ ተቋጠረ ማለት ተቋጠረ ነው። ትናንት ሥጋ ቤቱን ቆልፈው፣ ቁልፉን ቋጥረው፣ ቋጠሮውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ሄደዋል።

«በሩን ስበረዋ!» አለች ሲስተር ትርሲት።

«የእማዬን በር? አንቺ እማዬን አታውቂያትም።»

«የት ነው የሄዱት?»

«እህቴ ጋ፣ ቆቅ ውሃ። የልጅ ልጇ ዛሬ ኩፍኝ ይከተባል። እህቴ መርፌ ስታይ ራሷን ትስታለች፤ ልጁን እማዬ ናት የምትይዘው። ‹ሳይከተብ ንቅንቅ አልልም› ብላ ምላ ነው የሄደችው።»

«የሚከትበው ማነው?»

መንበሩ አያት። ሳጥኑን አየ። እንደገና አያት።

«አንቺ ነሻ» አለ።

ያኔ ሲስተር ትርሲት ከጧት ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ቦዩ ጠርዝ ላይ። ሣቋም እንባዋም አብሮ መጣ። ልብ በሉ እስቲ። ሞተሩ ካልተነሳ መርፌው አይደርስም፤ መርፌው ካልደረሰ እማማ ዝናሽ አይነሱም፤ እማማ ዝናሽ ካልተነሱ ቁልፉ አይመጣም፤ ቁልፉ ካልመጣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ቢላው አይወጣም፤ ቢላው ካልወጣ ጎማው አይቆረጥም፤ ጎማው ካልተቆረጠ ቧንቧው አያርፍም፤ ቧንቧው ካላረፈ ፒንሳው አይለቅም፤ ፒንሳው ካልለቀቀ ዓሣዋ ጠቅ አትልም፤ ዓሣዋ ጠቅ ካላለች ካቴናው አይዘጋም፤ ካቴናው ካልተዘጋ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ መርፌው አይደርስም። በሉ እንግዲህ ጫፉን ፈልጉልኝ። ግቢዋ ያለው ካቴና አልዘጋ ብሎ፣ ይኼኛው ዙሪያውን ተዘግቶ ቁጭ!

«ቆይ፣ ለእማዬ ልደውልላት» አለ መንበሩ። «ሰው ካለ ቁልፉን ትላክልን።»

ቆቅ ውሃ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ከመጋዘኑ ጀርባ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። እማማ ዝናሽ በአሮጊት ጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ ወጡ። የቸኮለ አፍና የደከመ ጆሮ ተገናኙ።

«እማዬ! ሲስተር አልመጣችም አይደል?»

«አልመጣችም! ምን ሆነች?»

«ካቴና ነው የያዛት!»

«ምን ያዛት?»

«ካቴና! ካቴና! እጇ ላይ ነው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው! አንድ ሰው ካልመጣላት—»

ጢጥ። ኔትወርኩ ሄደ።

መንበሩ ደግሞ ደወለ፣ አልገባም። ደግሞ ደወለ፣ አልገባም። «ሰምታኛለች» አለ። ሰምተውታላ! እንዴት አድርገው እንደሰሙት ነው እንጂ ነገሩ። ድንጋዩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ሲያስሩ፣ ከመጋዘኑ ሥር የተቀመጡት እናቶች ሁሉ ቀና አሉ።

«ሲስተርን አስረዋታል» አሉ እማማ ዝናሽ። «ካቴና አስገብተውላታል። ልጄ በዓይኑ አይቷል።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ እኔ አልነበርኩም። ያወቅሁት እኛ ጋ የሆነውን ነው። ሲስተር ትርሲት ወደ ግቢዋ ተመለሰች። በማንኪያ ሞከረች፣ በበር ማጠፊያ ሞከረች፣ በሁለት ድንጋይ ሞከረች። ሳጥኑን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከፈተች፣ ዘጋች። ሁለት በረዶ ቀለጠ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። «አንቺ ሴት፣ ቃልሽ ውሃ ነው» አለች ለራሷ፤ እኔ ጎረቤቷ በአጥሩ ቀዳዳ ሰምቻታለሁ፣ ምነው ባልሰማሁ። አምስት ሰዓት ሲቃረብ «በእግሬ እወጣለሁ» ብላ ሳጥኑን አነገተች። እንደ ባለፈው ወር እንደሚሆን እያወቀች ነው። አሮጌውን ካቴና መጣሉን እንኳ ረስታ፣ ሁለቱም አንጓዋ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከበሩ ወጣች።

ያኔ ነው ጫጫታውን የሰማነው።

ለእሷ ዳገት የሆነው ለእነሱ ቁልቁለት ነውና፣ ከቆቅ ውሃ የወረዱ አሥራ ስምንት እናቶች በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። አሥራ ስምንት ሕፃናት ጀርባቸው ላይ ያለቅሳሉ። ከፊት እማማ ዝናሽ ናቸው። በር ላይ ያለው ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ግራ ተጋብቷል።

«ማንን ነው የምትሉኝ እናቴ?»

«ሲስተር ትርሲትን! ዋሷ እኛ ነን! አንድ ዋስ ካልበቃህ አሥራ ስምንት አለን፤ እኔን ስትጨምር አሥራ ዘጠኝ!»

«እዚህ የታሰረች ሲስተር የለችም እኮ!»

ይህን ሲል ከመንገዱ ጥግ ሲስተር ትርሲት ብቅ አለች። ሁለት እጇ ከፊቷ፣ ሁለት አንጓዋ ላይ ጥቁር ብረት።

«ወይኔ ልጄን!» ብለው እማማ ዝናሽ ሮጡ። በዚያ ጉልበት ሮጡ! እናቶቹም ተከተሉ። ፖሊሱም ሮጠ፤ የራሱ ካቴና ቀበቶው ላይ እየተንቀጨቀጨ። ደርሶ አጎንብሶ አየና፣ «ይኸ የእኛ አይደለም» አለ።

«ይኸማ የሞተሬ ነው!» አለች ሲስተር ትርሲት፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ካቴናዬ ተበጥሶ ነው። እናንተ … እንዴት መጣችሁ?»

መጀመሪያ አንዷ ሣቀች። ቀጥሎ ሁሉም ሣቁ፤ ሕፃናቱ ግን ነገሩ ስላልገባቸው ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ሲስተር ትርሲት ብቻ አልሣቀችም።

«ለክትባቱ ነው የመጣችሁት?» አለች ቀስ ብላ።

«ለክትባቱማ የሚጠበቀው እዚያው ነው» አሉ እማማ ዝናሽ። «እኛ የመጣነው ለአንቺ ነው።»

«ቃሏ ውሃ ነው ብላችኋል ተብዬ …»

እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ብለናል፣ አልዋሽሽም። ኋላ ግን ሽማግሌው ነገሩን። በእግሯ መጥታ፣ ሳጥኗ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች አሉን። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል የደገመ የለም።»

ሲስተር ትርሲት ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ግንባሯ ላይ ግራሶ ቀረ። እጇን በሳሙናና በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ የእትዬ የሺመቤት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሳጥኑን ከፈተች፤ አንድ በረዶ ሙሉ፣ አንድ በረዶ ግማሽ። አሥራ ስምንቱንም ከተበች። እማማ ዝናሽ የልጅ ልጃቸውን ያዙ፣ ልጃቸው ዘወር ብላ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሕፃኑ አንዴ ጮኸና አበቃ። መዝገቧን ቆጠረች። አሥራ ስምንት።

«አንድ ጎደለ። ባንቺአየሁስ?»

«እግሯ ወለም ብሏት መራመድ አልቻለችም» አሉ እማማ ዝናሽ። «ልጁን ስጪን፣ እኛ እንያዝልሽ ብንላት እንቢ አለች። ‹ከፈቷት ትመጣለች፤ ስትመጣ የሚጠብቃት ሰው ይኑር› ብላ ከመጋዘኑ ሥር ቀረች።»

ሲስተር ትርሲት ቀና አለች። ሳጥኑን አየች። የቀረው በረዶ ግማሽ ብቻ ነው።

«እማማ ዝናሽ፣ በመድኃኔዓለም፣ ቋጠሮውን!»

የልጅ ልጃቸው ተከትቧላ፤ መሐላው ተፈጽሟል። እማማ ዝናሽ መቀነታቸውን በጥርሳቸው ነከሱ፣ ፈቱ። ቁልፉ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቢላው ወጣ። አያ ደርበው ተነሱ ልላችሁ ነበር፤ አልተነሱም፤ ግን ተቀምጠው ጎማው ተቆረጠ፤ ቧንቧው ታሰረ፤ እትዬ የሺመቤት እልል አለች፤ ፒንሳው ለቀቀ። በመንገዱ ላይ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመንበሩ ወደ ፖሊሱ፣ ከፖሊሱ ወደ እናቶቹ፣ ከእናቶቹ ግቢዋ ውስጥ ወደተንበረከከችው ሲስተር ትርሲት። ዓሣዋን ከመሀረቧ ፈታች፣ አስቀመጠች፣ በፒንሳው ልትጫን ሆነ።

«ቆይ!» አልኳት በአጥሩ ላይ። ምን ላድርግ፣ አስቻለኝ እንዴ? «ጭንቅላቷ ወዴት ነው?»

አየች። ወደ ኋላ ነው። ከችኮላዋ ብዛት ዓሣዋን ወደ ኋላ ልታስዋኛት ነበር። አወጣቻት፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ አዞረቻት። ያን ጧት በቀስታ የሠራችው ሥራ ይኼ ብቻ ነው። ጫን አደረገች።

ጠቅ!

ግቢው ሙሉ ሰው ሰማት። ካቴናው ተዘጋ፤ የጎማው ዳዶ ጠበቀ፤ ሞተሩ ተነሳ። ሲስተር ትርሲት እጇን በነጭ ጋዝ ጠራርጋ፣ ታጥባ፣ ሳጥኑን አስራ ዳገቱን ስትወጣ አቧራዋን እንጂ እሷን አላየንም።

ቀሪውን ራሷ ናት የነገረችኝ። ከእህል መጋዘኑ ሥር ባንቺአየሁ እግሯን ዘርግታ፣ ልጇን እያጠባች ብቻዋን ተቀምጣለች። ሞተሩን ስትሰማ አልተነሳችም፣ አትችልምና። ሲስተር ትርሲት ሳጥኑን ይዛ ሮጣ መጣች። በረዶው የአውራ ጣት ያህል ቀርቷል፤ ይበቃል። ባንቺአየሁ ግን ልጁን ከመስጠቷ በፊት፣ «መጀመሪያ እጅሽን» አለቻት።

ሰጠቻት። ባንቺአየሁ ሁለቱን እጆቿን ገልብጣ አየች። መዳፏ ንጹሕ ነው። አንጓዋ ላይ ግን ግራና ቀኝ ነጭ ጋዙ ያላስለቀቀው ጥቁር ቀለበት ዞሯል። ባንቺአየሁ ምራቋን እንትፍ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቀለበቱን ታሸው ጀመር፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ልጅ እንደሚታጠብ።

«አመመሽ?» አለቻት።

«አላመመኝም» አለች ሲስተር ትርሲት። እጇንም አልነጠቀችም፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም።

ተረቴን መልሱ፤ እጄን በነጭ ጋዝ አብሱ።